ለጠፈርተኛዋ ለቅሶ ስደርስ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12፣ ሚካኤል። ንጋት 11፡30

ሻይ ተጥዷል። ትናንት የአንሶላ መተኮሻው ማሽን ተበላሽቶ በእጅ ስተኩስ ዋልኩ። ትከሻዬ ዛሬ አይነሳም። እንቅልፉ ግን ጥሩ ነበር፤ ተመስገን። ሕልም እንኳ አላየሁም።

ናቲ እሑድ ሳይደውል ቀረ። ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ብሬመን ወደብ መርከብ ከገባ ልጄ አይገኝም። ማታ ከሥራ ስመለስ እኔው እደውላለሁ፤ እቆጣዋለሁ፤ ይስቅብኛል።

ደወል ተደወለ። በዚህ ሰዓት ማነው? በመስኮት አየሁ፤ ልጄ ሰላም ናት። ብቻዋን አይደለችም። ደረጃው ላይ ብዙ እግር ይሰማኛል። ማስታወሻዬ፣ በንጋት ብዙ እግር


ቅዳሜ፣ ግንቦት 16፣ ኪዳነ ምሕረት

እጄ ይታዘዘኝ እንደሆነ ልየው።

ናትናኤል ልጄ ሞተ።

ጻፍኩት። እስካሁን በአፌ አላልኩትም።

በእንቅልፉ ነው። ልቡ ቆመ። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ሰኞ ሥራ ሲቀር ጓደኛው ሄዶ አገኘው። ሰላም እኅቱ ሰኞ ማታ ሰማች። ብቻዋን ልትነግረኝ አልደፈረችም፤ የቤ/ክ ሰዎችን ጠራች። እትዬ ብዙነሽ፣ የማኅበራችን ትልቅ፣ ዛሬ ሌሊቱን ትተኛ፣ ከነገ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም አሉ። እኔ እንድተኛ እነሱ ሰላም ቤት ቁጭ ብለው አነጉ። ቀሲስ ኤልያስ በኦስትሃፈን ወደብ መጋዘን ሌሊት ይሠራሉ፤ አፍንጫው ብረት የሆነውን የሥራ ጫማ ሳያወልቁ መጡ።

ገቡ። ከበቡኝ። እትዬ ብዙነሽ ሻዩን ከምድጃ አወረዱ። ያኔ አወቅሁ።

ስወድቅ መሬት አልነካሁም። እጅ ነው የያዘኝ። የማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ልጄ ሞቶ እኔ ሽሮ በልቼ ተኛሁ? ሰላምን ብዙ ተናገርኳት። እሷ እግሬን ይዛ አለቀሰች። ዛሬ ሳስበው ግን ያቺን ሌሊት ሰጡኝ። ያለ ሐዘን የተኛሁባት የመጨረሻዋ ሌሊት ናት። ራሳቸው ሳይተኙ ሰጡኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሰላም ግን ገና አላልኳትም።


ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ትናንት በገብርኤል ዕለት ቀበርነው። እዚሁ ፍራንክፈርት፤ ሄጄ የማየው ቦታ እንዲሆን። ዝናብ አልነበረም። ስለ አፈሩ አልጽፍም።

የፍራው ብራንትን ነገር ግን ልጻፍ፤ እንዳይረሳኝ። ከታች ያለችው ጀርመናዊት ጎረቤቴ። አሥር ዓመት ስንኖር ከጉተን ሞርገን፣ ከእንደምን አደርሽ፣ አልፈን አናውቅም። በሁለተኛው ቀን ለቅሶው ሲበረታ፣ ሰዉ ደረጃው ላይ ሲሞላ፣ በሩን አንኳኳች። ለቅሶውን ገታን። ስለ ጩኸቱ ልትከሰን ነው የመጣችው ብለን። ሰላም ይቅርታ ልትጠይቅ ወጣች። ፍራው ብራንት ታጣፊ ወንበሮች ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆማለች። ሰዎቻችሁ ቆመዋል አለች። ሌላ ምንም። ተመልሳ ወረደች፣ ሁለት ተጨማሪ አመጣች።

እትዬ ብዙነሽ ወንበሩን ዳሰሱና፣ «ይቺ ሴት ሐበሻ ሳትሆን አትቀርም፤ ቀለሟ ነው የጠፋባት» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ደነገጥኩ። ልጇን የቀበረች ትስቃለች? እትዬ ብዙነሽ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው፣ ሳቂ፣ እሱም ሳቂ ነበር አሉኝ።

እውነት ነው። ሳቂ ነበር።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

ሰዉ መቀነስ ጀምሯል። እንዲህ ነው፤ ሥራ አለ፣ ልጅ አለ። ቤቱ ጸጥ ሲል ማቀዝቀዣው ይጮሃል። በፊትም ይጮህ ነበር? አላውቅም።

ዛሬ አንድ ነገር ከነከነኝ። ያበሰሉልኝን፣ ያደሩልኝን፣ ሬሳውን ያመጡልኝን ሁሉ ምን አድርጌ ነው የማመሰግነው? ለቅሶ የሚመለሰው በለቅሶ ነው። የመጣልሽ ሰው ሐዘን ሲደርስበት ትሄጃለሽ፣ ትይዥዋለሽ። ለነሱ መመለሻዬ የነሱ ሐዘን ነው ማለት ነው። ያንን ደግሞ አልመኝም። ይጠብቅልኝ፣ አንዳቸውንም አይንካብኝ።

እንግዲያው ይህን ሁሉ ምስጋና የት ላድርገው? ደረቴ ላይ ተቀምጧል። ከሐዘኑ እኩል ይከብዳል።


እሑድ፣ ሰኔ 1፣ ልደታ። ከሰዓት

ከቅዳሴ መልስ። ነገ ጾም ይገባል።

ፍራው ብራንት የትናንቱን ጋዜጣ ይዛ መጣች። ልታጫውተኝ ነው፤ ቃል ስለሚያጥረን ሥዕል እናያለን። የፊቱ ገጽ ላይ ሦስት ጠፈርተኞች። ከጥቂት ቀናት በፊት ከሰማይ ወረዱ። ሰኔ 14 ቅዳሜ ከተማው በአደባባይ ሊያከብራቸው ነው፣ ሙዚቃ፣ ሰልፍ። አንዷ ሴት ናት። ማርቲና ትባላለች። እዚሁ ፍራንክፈርት ዚንድሊንገን ሰፈር ያደገች፣ የኬሚካል ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ። ፍራው ብራንት የሰፈሯ ልጅ ይመስል ኮራችባት።

ከሥር ትንሽ ሥዕል አለ፤ ሽማግሌ ሰው፣ ኮፍያ ያደረገ። ይሄስ? አልኳት። አባቷ። ሞተ። መቼ? ሰላም መጥታ አነበበችልን። ልጅቱ ሰማይ ላይ ሳለች ነው የሞተው። ናቲ በሞተበት በኛው ሳምንት። መውረድ አልቻለችም። ያለ እሷ ተቀበረ።

መርዶውን ማን ነገራት አልኩ። አለቃዋ በስክሪን ነግሯታል አለች ሰላም። ማን ያዛት? ማንም፤ ሁለቱ ወንዶች ነበሩ፣ ምናልባት እነሱ። ከዚያ ሰላም ያነበበችልኝ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። እዚያ ላይ ክብደት የለም፤ እንባ አይወርድም። ዓይን ላይ እንደ ውኃ ኳስ ይጠራቀማል እንጂ ጉንጭ ላይ አይፈስም። በጨርቅ ማንሳት ነው።

አምላኬ ሆይ። እኔ ወድቄ እጅ ያዘኝ። እሷ መውደቅ እንኳ አልቻለችም።


ሐሙስ፣ ሰኔ 5፣ አቦ

ሥራ ጀመርኩ። የአረጋውያን ቤቱ የልብስ ማጠቢያ እንደነበረ ነው፤ እንፋሎት፣ አንሶላ። አለቃዬ አቀፈችኝ። ማሽኑ ተሠርቷል። ተመስገን።

ማታ ሰላምን ጠየቅኳት። ለዚያች ጠፈርተኛ ለቅሶ የደረሰላት ሰው አለ? ጋዜጣ እንደዚህ አይጽፍም አለች። እኔ ልሂድ ብዬ አስቤያለሁ አልኳት። ወዴት? ወደ በዓሉ፤ ሌላ የት አገኛታለሁ።

ሹካዋን አስቀመጠች። «ማማ፣ ዳስ ማኽት ማን ኒሽት!» እንዲህ አይደረግም ማለቷ ነው። ሲጨንቃት በጀርመንኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ከልጅነቷ። በዓል ነው፣ ሙዚቃ ነው፣ ሴትዮዋ አታውቅሽም፣ የተደሰተችበትን ቀን ልታበላሺባት ነው አለችኝ። የመጨረሻው ወጋኝ። ልክ ብትሆንስ?

ሳህን አጥቤ ቆየሁ። የተደሰተ ሰው ሐዘኑ ይጠፋል? እኔን ሰው ሲያስቀኝ ናቲ ጠፍቶ ነበር? አልጠፋም። እዚያው ነው።


እሑድ፣ ሰኔ 8

ለእትዬ ብዙነሽ ነገርኳቸው። ለእሳቸው ካልነገርኩ አይሆንም።

ከቅዳሴ በኋላ፣ የተከራየነው አዳራሽ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሽንኩርት እየላጡ። ቢላውን አቆሙ። አርባው ሳይወጣ? ዘፈን ወዳለበት? «ሰው ምን ይላል ጥሩነሽ? ልጇን ቀብራ እስክስታ ወረደች ይላል!» እስክስታ አልወርድም እትዬ፤ ለቅሶ ልደርስ ነው አልኳቸው። ለማን? አባቷ ለሞተባት። እሷ ማን ናት? ከሰማይ የመጣች። እትዬ ብዙነሽ ወደ ጣሪያው አዩና፣ «እንግዲህ አብዳለች፤ ጸበል ነው» አሉ።

ቀሲስ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። የሌሊት ሥራ ስላደከማቸው ዓይናቸው ቀልቷል። ጉዳዩን አስረዳኋቸው፤ እንባው እንደማይወርድም ነገርኳቸው። ከዚያ ሐዘንተኛን ማጽናናት የበዓል ቀን የሥራ ቀን የለውም አሉ። አታጨብጭቢ፣ ከዘፈኑ አትቁሚ፣ ደርሰሽ ተመለሺ። ሲወጡ ዞር ብለው፣ «ለጠፈር ሰው ለቅሶ የደረስሽ የመጀመሪያዋ ሐበሻ አንቺ ነሽ፤ ቦታው ሩቅ ነው ብለሽ እንዳትቀሪ!» አሉኝ።

እትዬ ብዙነሽ አልሳቁም። ሽንኩርቱን በኃይል ከተፉት።


ዓርብ፣ ሰኔ 13

ዳቦ ጋገርኩ። ባዶ እጄን ለቅሶ ደርሼ አላውቅም። የጾም ነው፣ ጥቁር አዝሙድ ያለበት። በሻሽ ጠቀለልኩት።

ሰላም አልሄድም ብላለች። አልተጣላንም፤ ግን ብዙ አናወራም። ሲከፋት የወንድሟን ሹራብ ትለብሳለች። ዛሬ ለብሳዋለች።

ፈራሁ። ጀርመንኛዬ የወጥ ቤትና የልብስ ማጠቢያ ነው። ጀርመንኛ ማንበብ መጻፍ ስማር የጀመርኩት ይህ ማስታወሻ እንኳ አማርኛ ሆኖ ቀረ፤ አስተማሪዋ በየቀኑ ጻፉ ስትለን ነበር፣ ጀርመንኛው ተረሳ፣ መጻፉ ግን አለቀቀኝ። አንድ ነገር ግን እንደ ማንም ጀርመናዊ አውቃለሁ። አረጋውያን ቤት ሰው ሲሞት የሚባለውን። ማይን ባይላይድ። ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው እንደማለት። በኮሪደሩ ስንት ጊዜ ብያለሁ።

ሌላ ቃል አያስፈልገኝም።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 14። ማታ

ሁሉንም ልጻፍ። ቀስ ብዬ።

ጥቁር ለበስኩ። ነጠላዬን ዘቀዘቅሁ። ከሰፈሬ ከሮደልሃይም ኤስ-ባኑ፣ የከተማው ባቡር፣ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ልጆች የወረቀት ሮኬት ይዘዋል፤ አንዱ ራሱ ላይ የቆርቆሮ ፎይል ጠቅልሏል። ሰዉ እኔን ያያል፣ ዳቦዬን ያያል፣ ዞር ይላል።

ሮመር አደባባይ መግቢያው ላይ ፍተሻ። ጥበቃው ሽበታም ሰው ነው፣ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሷል። አየኝና በአማርኛ፣ በአስመራ ድምፅ፣ «እናቴ፣ ትልቅ ቦርሳ አይገባም» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ልቤ ተመለሰልኝ።

«ዳቦ ነው።»

«ለማን?»

«ለጠፈርተኛዋ።»

ሳቀ። «እነሱ እኮ ከቱቦ ነው የሚበሉት ይባላል!» ከዚያ ነጠላዬን አየ። ሳቁን ዋጠ። የማን ሐዘን እንደሆነ ጠየቀኝ። የኔ ልጄ፣ የሷ አባቷ አልኩት። ኮፍያውን አወለቀ። እንደዚያ ቆመን ሰው እየገፋን አለፈ።

«ዳቦው አይገባም፤ ሕግ ነው። ለቅሶው ግን ይገባል» አለኝ።

ዳቦውን ተቀበለኝ። ቆርሶ አጠገቡ ላለው ጀርመናዊ ሰጠው፤ ለሞተ ሰው ነው፣ ብላ አለው። ጀርመናዊው ደነገጠ፣ በላ፣ ጣፋጭ ነው አለ። እኔን ክንዴን ይዞ በጎን አሳለፈኝ፣ ሽማግሌዎችና በተሽከርካሪ ወንበር ያሉ ሰዎች ከፊት የሚቀመጡበት አጥሩ ድረስ። ኃይለ ይባላል። እግዚአብሔር ይስጠው።

ሙዚቃ። ትላልቅ ነሐስ መለከቶች። ከንቲባው ተናገሩ፣ ረዥም። ሦስቱ መድረክ ላይ ወጡ፣ ሰማያዊ ለብሰዋል። አካሄዳቸው እንደ ታማሚ ነው፤ መሬቱን ገና አላመኑትም። ሰዉ ጮኸ። አላጨበጨብኩም። አጠገቤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ሽማግሌ በክርኑ ነካ አደረገኝና፣ እመቤት ሳቂ እንጂ፣ በሕይወት ተመለሱ እኮ አለኝ። ተመስገን አልኩት፣ በአማርኛ። ራሱን ነቀነቀ፣ የገባው ይመስል።

ከዚያ የአንደኛው ወንድ እናት ወደ መድረኩ ወጣች። አሮጊት ናት፣ ዱላ ይዛለች። ልጇ ጎንበስ ብሎ አቀፋት። ከዚያ ሁሉ ርቀት እግዜር መለሰላት።

ቀናሁ። አልዋሽሽም ማስታወሻዬ። ጥርሴን ነክሼ ቀናሁ። ከዚህ ብሬመን ምን ያህል ነው? በባቡር አንድ ቀን የማይሞላ። እሱን አልመለሰልኝም፣ ይህን ከሰማይ መለሰ። ልወጣ ዞርኩ። መውጫ የለም፤ ሰዉ ግንብ ሆኗል። እንደገና ዞርኩ። አሮጊቷ የልጇን ፊት በእጇ ትዳስሳለች፤ እውነተኛ መሆኑን የምታረጋግጥ ትመስላለች። እኔም ባገኘው እንዲሁ አደርግ ነበር። ያኔ ቅናቱ ለቀቀኝ። እንዴት እንደለቀቀኝ አላውቅም። ለአንዲት እናት እንኳ ቢሆን መለሰላት። ይመስገን።

ከመድረክ ወርደው በአጥሩ በኩል እጅ እየጨበጡ መጡ። ማርቲና ከኋላ። ሰው አበባ ይሰጣታል፣ ወረቀት ያስፈርማታል፣ ትስቃለች። ቀጭን ናት፣ ከሥዕሉ ትልቅ። ደረሰች። እጇን ዘረጋች። በሁለት እጄ ያዝኩት።

ማይን ባይላይድ አልኩ። አባትሽ።

ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ዓይኗ ግን ሄደ። ነጠላዬን አየች፣ ጥቁሩን አየች። እጇን ልትወስድ ትችል ነበር። አልወሰደችም። እኔ ለማን እንደለበስኩ ጠየቀችኝ። ልጄ አልኳት፤ በዚያው ሳምንት። አንቺ እዚያ፣ እኔ እዚህ። በጣቴ ወደ ላይ አሳየኋት፣ ከዚያ ወደ መሬት። ጀርመንኛዬ እዚያ ላይ አለቀ።

አጥሩን ተደግፋ ጎንበስ አለች፣ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ያው የሚያመኝ ትከሻ። አንገቷን ያዝኩ፣ እኔን እንደያዙኝ። እግዜር ያጽናሽ፣ እግዜር ያጽናሽ እላለሁ፣ አማርኛ ነው፣ ሌላ አልመጣልኝም። አለቀሰች። እንባዋ ወረደ። አንገቴ ውስጥ ገባ፣ ሞቃት።

ስሙን ጠየቀችኝ። ናትናኤል። ደገመችው፣ በትክክል። ያንቺስ አባት? ሄርማን። እኔም ደገምኩት። ከተቀበረ ወዲህ ስሙን ጮክ ብላ አልጠራችውም ይመስለኛል፤ ከአፏ ሲወጣ ድምጿ ተሰበረ። ከዚያ ሰዎቿ ክንዷን ያዙ፣ ወሰዷት። ሁለቴ ዞራ አየችኝ።

ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለው ሽማግሌ መሐረብ ሰጠኝ። ሳቂ አላለኝም።

ሮደልሃይም ጣቢያ ስወርድ ሰላም ቆማ ነበር። የወንድሟን ሹራብ ለብሳ፣ በዚህ ሙቀት። «አገኘሻት?» አለችኝ፣ በአማርኛ። አገኘኋት አልኩ። ስንሄድ ክንዴ ውስጥ እጇን አስገባች። መንገድ ላይ ነገርኳት። ስለዚያች ሌሊት ነገርኳት፤ ደግ አደረግሽ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ አስተኛሽኝ አልኳት። መንገዱ መሐል ቆመች፤ ብዙ ጊዜ መራመድ አልቻልንም።


እሑድ፣ ሰኔ 15

እትዬ ብዙነሽ ገና ነጠላዬን ሳላስተካክል፣ አጨበጨብሽ? አሉኝ። አላጨበጨብኩም። ዘፈኑስ? ነሐስ ነው፣ አይዘፈንም አልኳቸው። ልጅቱ ስታለቅስ የያዛት ነበር? አሉ። እኔ ያዝኳት። «እንግዲያማ ደግ» አሉ። የአርባውን ምስር እኔ ነኝ የምሠራው፣ ማንም እንዳይነካብኝ ብለው ሄዱ።

ቀሲስን ለብቻቸው ጠየቅኳቸው። የሄርማን ስም በአርባው ጸሎት ከልጄ ጋር ይጠራ እንደሆነ። ጢማቸውን ያዙ። የክርስትና ስሙን አናውቅም፣ የኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ አይደለም፣ በፍትሐቱ መጥራት አልችልም፣ ሥርዓት አለብኝ አሉ። አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ በልብሽ የምትጠሪውን ግን እኔ ልከለክል አልችልም፤ እግዚአብሔርም የሚከለክል አይመስለኝም አሉኝ። ማዕዱ ላይ ስሙን ብትጠሪና ሰው ነፍስ ይማር ቢል፣ እኔም ከሰዉ አንዱ ነኝ አሉ።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 21፣ ማርያም። ጥዋት

አርባው ትናንት ሞልቷል፤ ሰው ከሥራ የሚያርፈው ዛሬ ስለሆነ ዛሬ አደረግነው። ሰላም ውኃውን እየጫነች ነው። ፍራው ብራንት ትመጣለች፣ ጥቁር ልልበስ ወይ ብላ ጠይቃለች። ኃይለንም በሰው በሰው አግኝተን ጠርተነዋል። እመጣለሁ ብሏል።

ወስኛለሁ። ማዕዱ ላይ እቆማለሁ፤ በሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ሁለቱንም ስሞች እጠራለሁ።

አንቺንም ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ከማንም አልደብቅሽም። ሰላም ታንብብሽ፤ አንድ ቀን የሰላም ልጆችም ያንብቡሽ፤ እኔ ከማላውቃቸው ሰዎችም እጅ ብትደርሺ ያንብቡሽ። እናንተ የምታነቡ፣ የተማርኩ አይደለሁም፣ ስሕተቴን እለፉልኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ገጹን ከመዝጋታችሁ በፊት ለልጄ ለናትናኤል፣ በክርስትና ስሙ ለተክለ ማርያም፣ ጸልዩለት። ልጁ ሰማይ ላይ ሳለች ለሞተው ለዚንድሊንገኑ ሄርማንም ጸልዩለት፤ የክርስትና ስሙን ፈጣሪ ያውቀዋል። ነፍስ ይማር በሉ። ጮክ ብላችሁ በሉት፣ ብቻችሁን ብትሆኑም።